ከቆመ ፈረስ የወደቀው ሰው

ጋሽ ደጋጋ በዕድሜው ብዙ ነገር ችሏል። ሦስት መንግሥት ችሏል። የካዛንቺስን የክረምት ጭቃ ችሏል። አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ ደብዳቤ ሲያገላብጥና ማኅተም ሲያስመታ ኖሯል፤ ያንንም ችሏል። አንድ ያልቻለው ነገር ቢኖር ባይሳ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ማየት ነው። ያን ጊዜ አንጀቱ ያርራል፣ ምራቁ ይመርረዋል። «ትቀናለህ እንዴ?» ብትሉት «እኔ? በባይሳ? ምን አጥቼ!» ይላችኋል። አትመኑት። ይቀናል። እህል ውሃ እስኪያስጠላው ድረስ ይቀናል።

ባይሳ ማን መሰላችሁ? አብሮ አደጉ ነው። ሁለቱም የሰንዳፋ ልጆች ናቸው፤ በአንድ ክረምት ተወልደው፣ በአንድ ሜዳ ተሯሩጠው፣ በአንድ አውቶቡስ አዲስ አበባ የገቡ። ከዚያ መንገዳቸው ለየቅል ሆነ። ደጋጋ ትንሽ ትምህርት ነበረውና ቢሮ ገባ። ባይሳ ቁመትና ትከሻ ነበረውና ፈረሰኛ ፖሊስ ሆነ። አንዱ ወንበር ላይ፣ አንዱ ኮርቻ ላይ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ጡረታ ሲወጡ ወንበሩ ደጋጋን ምን አድርጎ እንደሰደደው ብታዩ! ጀርባው ጎብጧል፣ ቦርጩ ቀበቶውን አልፎ ወጥቷል፣ ከመቀመጫው ሲነሳ ጉልበቱ ሲንቋቋ ከጓዳ ይሰማል። ኮርቻው ግን ባይሳን ቀጥ እንዳለ ነው የመለሰው። ስድሳውን ካለፈም በኋላ ባርኔጣውን ዘንበል አድርጎ ከካዛንቺስ ሜክሲኮ በእግሩ ደርሶ ይመለሳል። ሲያልፍ የሰፈሩ ሴቶች «አይ ባይሳ! ዕድሜ እኮ እሱን ረስቶታል» ይላሉ። ደጋጋ ይህን የሰማ ዕለት በሩን ዘግቶ ይገባል።

ለነገሩ በር ቢዘጋም አያመልጥም። ቤታቸውን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ባይሳ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ምሳውን የሚበላው ደጋጋ ቤት ነው። የደጋጋ ሚስት ሸዋዬ ወጡን ስታወጣለት «ብላ እንጂ ባይሳ፣ አንተ እኮ ምንም አትበላም» ትለዋለች። ወደ ባሏ ዞር ስትል ደግሞ «አንተ ቀንስ፣ ቦርጭህን አታየውም?» ነው ነገሯ። ታዲያ ይሄ ሰው አይቅና?

ነገሩ የጀመረው ግን ከራሳቸው ሠርግ ነው። ደጋጋ ሸዋዬን ሲያገባ አንደኛ ሚዜው ባይሳ ነበር። በአገራቸው ደንብ ሙሽራዋን ከአባቷ ቤት አውጥቶ፣ ፈረሱ ላይ አፈናጥጦ የሚያመጣት ሚዜው ነው፤ ሙሽራው ከፊት ይሄዳል እንጂ ዞሮ አያያትም። ደንብ ነው፣ ምን ይደረጋል። ደጋጋ እየሄደ ከኋላው የሸዋዬን ሳቅ ሰማ። ሙሽራ ትስቃለች እንዴ? ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች እንጂ! ባይሳ ምን ብሎ እንዳሳቃት እስከ ዛሬ አልጠየቀም፤ ዕድሜ ልኩን ግን ሲያብሰለስለው ኖሯል። ይባስ ብላ ሸዋዬ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ባይሳ ሲጋልብ እኮ፣ በእናቴ፣ አልጋ ላይ የተኛሁ ነው የመሰለኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላንገጫገጨኝም» ትላለች። ሌላ ቃል ጠፍቷት ነው እንግዲህ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የሚሌኒየሙ ጥር ደረሰና የመጨረሻ ልጃቸው ፊሮምሳ ሊያገባ ሆነ። ፊሮምሳ ሜክሲኮ አካባቢ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ሙሽራዋ ሊዲያ የቂርቆስ ልጅ ናት። መኪና ተያዘ፣ ድንኳን ታዘዘ፣ ቪዲዮ ቀራጭ ተቀጠረ። ሁሉም በሰላም እያለ የደጋጋ ታናሽ ወንድም ዲሪባ ከሰንዳፋ መጣና፣ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ፣ «ጋሼ፣ ፈረሶቹን በአይሱዙ ጭነን እናመጣለን» አለ።

«የምን ፈረስ?»

«እንዴት የምን ፈረስ ትላለህ! የአባታችን ቤት ሙሽራ በፈረስ ታጅባ አይደለም እንዴ የምትገባው? የትልልቆቹ ልጆችህ ሠርግ በሆቴል አለፈ፣ ዝም አልን። ይሄ ግን በገዛ ደጃፍህ ነው። አባት ከፊት ይጋልባል፣ እኛ እንከተላለን።» ከዚያ የወንድሙን ቦርጭ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ካልቻልክ ደግሞ እኩያ ይተካል። ባይሳ አለ አይደል? ባይሳ ይጋልብልሃል።»

ባይሳ እዚያው ምሳውን እየበላ ነበር። «ለፊሮምሳማ ደስ ብሎኝ!» አለ።

«አዎ፣ እሱ ይሻላል» አለች ሸዋዬ ሰሐኑን እያነሳች። «ይሄ እኮ ታክሲ ላይ ሲወጣ እንኳ ረዳቱ ነው ጎትቶ የሚያስገባው።»

እስቲ ፍረዱ። ሰውዬው የገዛ ሚስቱን ከባይሳ ፈረስ ላይ ነው የተቀበለው። አሁን ደግሞ የልጁን ሚስት ባይሳ እየመራ ሊያስገባለት? በሠርጉ ቀን፣ በአማቾቹ ፊት፣ እሱ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሊያጨበጭብ?

«እኔ ነኝ የምጋልበው» አለ ደጋጋ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ምነው? አባትየው እኔ አይደለሁም እንዴ? እኔ ነኝ የምጋልበው!»

ፊሮምሳ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አባዬ፣ ማለቴ፣ ኮንፊደንስህ ደስ ይላል። ግን በቃ፣ ትንሽ ሪስክ አለው» አለው።

ዲሪባ ግን ጉልበቱን መታ አድርጎ ተነሳ። «እንግዲያው ፈረሱም ሜዳውም ይኸው!» አለ። በር ላይ ሲደርስ መለስ ብሎ «ለማንኛውም ባይሳም ከጎንህ ይሁን፤ ምናልባት» አለ። ይቺ «ምናልባት» ናት ደጋጋን እንቅልፍ የነሳችው።

በማግስቱ ለሸዋዬ ቤተክርስቲያን ልሳለም ብሎ ወጣና ጃንሜዳ ሄደ። እዚያ ሐጎስ የሚባል ሰው አለ፤ ሁለት ያረጁ ፈረሶች ይዞ ሕፃናትንና ፎቶ የሚነሱ ሰዎችን በኪራይ የሚያስጋልብ። ደጋጋ ዋጋ ሲጠይቀው ሐጎስ ግራ ቀኙን አየና «አባቴ፣ ልጁ የት አለ?» አለው።

«ለኔ ነው።»

ሐጎስ ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። ጨዋ ሰው ነውና አልሳቀም። «መልካም። እስቲ መጀመሪያ እግርዎን እርካቡ ላይ ያድርሱልኝ።»

ደጋጋ ግራ እግሩን አነሳ። እግሩ እስከ ፈረሱ ጉልበት ድረስ ወጣና እዚያው ቀረ። ሱሪውን በእጁ ይዞ እግሩን ወደ ላይ ጎተተው፤ አሁንም አልደረሰም። ሐጎስ ድንጋይ አመጣ። ድንጋዩ ላይ ቆሞ እርካቡን ረገጠ፤ ቀሪውን አካሉን ግን ማን ያንሳው? ሐጎስ ከታች በትከሻው እየገፋ፣ ደጋጋ የኮርቻውን ጫፍ አንቆ እያቃሰተ፣ በስንት መከራ ወጣ። ላዩ ላይ ሆኖ ሲያየው መሬቱ ራቀበት። ልጅ ሆኖ ሲጋልብ መሬት እንዲህ ይርቅ ነበር እንዴ?

ሰው ሲጋልብ የሚያይ መቀመጥ ይመስለዋል። ደጋጋም እንደዚያ ነበር ያሰበው፤ መቀመጥማ ዕድሜ ልኩን የሠራበት ሙያ ነው። ፈረሱ ሶምሶማ ሲጀምር ግን እንደ ድንች ጆንያ ይነጥር ጀመር። አጥንቱ ከአጥንቱ ጋር ተጋጨ፣ ጥርሱ ተንገጫገጨ፣ ሆዱ በራሱ መንገድ ሄደ።

«ልጓሙ ላይ አይንጠልጠሉ!» ይጮኻል ሐጎስ። «በጭንዎ ይያዙት! ወገብዎን ያላሉት! ትንፋሽዎን አይዋጡት፤ ትንፋሹን የዋጠ ሰው ግንድ ይሆናል፣ ግንድ ደግሞ ይወድቃል!»

ሐጎስ ትከሻውን ሰጥቶ ሲያወርደው የደጋጋ እግር አልሸከም አለው፤ ሣሩ ላይ ዝርግት ብሎ ተቀመጠ። ብሽሽቱ የተቀደደ መሰለው። ጭኑ ውስጥ ለውስጥ ይነዳል። ወደ ካዛንቺስ የሚሄደው ታክሲ ላይ ሲወጣ እንደ ልማዱ ረዳቱ ጎተተው፤ በዚያ ቀን ግን ሲወርድም ረዳቱ ነው ያወረደው።

ሰፈር ደርሶ እግሩን አንፈርክኮ ሲራመድ ባይሳ አጥሩ ላይ ተደግፎ አየው። «ደጋጋ! በስተርጅና ተገረዝክ እንዴ?» አለው ጮክ ብሎ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ሸዋዬም ሳቀች፤ ያውም አፏን በነጠላዋ ሸፍና። ደጋጋ መልስ ሳይሰጥ ገብቶ፣ ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ጭኑን ቪክስ ተቀብቶ ተኛ። «ቆይ ብቻ» አለ። «ቆይ!»

በቃ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጃንሜዳ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሐጎስ ጋ፣ ከሰዓት ሳሎን ውስጥ። አንድ ቀን ሸዋዬ ድንገት ብትገባ ባሏ የሶፋው መደገፊያ ላይ እንደ ፈረስ ተቀምጦ፣ ትራስ በጉልበቱ መሃል ጨምቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አየር በአፍንጫው እየሳበ በአፉ ያስወጣል።

«በስመ አብ! ደጋጋ፣ ምን ነካህ?»

«ስፖርት ነው።»

«ስፖርትህን ሌላ ቦታ ሥራ፤ ሶፋዬን ልትሰብረው ነው» ብላ ወጣች። ወዲያው ለባይሳ ነገረችው። ባይሳም፣ ይሄ ሰው መቼም አያርፍ፣ በምሳ ሰዓት ሳይጠየቅ «ደጋጋ፣ ያንተ ችግር ጭንህ አይደለም፣ ዳሌህ ነው። ዳሌህን ካላላላኸው እስከ ዓመት ብትለፋ ትነጥራለህ» አለው። ደጋጋ «እሺ፣ አስተማሪ!» ብሎ አሾፈበት። በማግስቱ ግን ጃንሜዳ ላይ ዳሌውን አላላው። ወዲያው መንጠሩ ቀነሰ። ባይሳ ልክ ሆኖ መገኘቱ ከብሽሽቱ ሕመም በላይ አመመው።

እውነት ለመናገር ግን ሰውዬው ተለወጠ። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት። ድንጋይ ካገኘ ያለ ሰው ግፊት ኮርቻ ላይ ይወጣ ጀመር። አንድ ጠዋት ፈረሱ በራሱ ጊዜ ተነሳና ጋለበ፤ ነፋሱ ፊቱን ሲመታው፣ ወገቡ ከፈረሱ ወገብ ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ደጋጋ ሳያስበው ጮኾ ሳቀ። ሃያ ዓመት የተነሳለት መሰለው። ያቺ ደስታ ግን አፍታም አልቆየችም። «ይሄ ባይሳ» አለ በልቡ፣ «ይህን ነገር ዕድሜ ልኩን ደመወዝ እየተከፈለው ሲበላው ኖረ!» እንደገና በገነ።

የሠርጉ ዕለት አይሱዙው ፈረሶቹን ኡራኤል አካባቢ አራገፈ። ዲሪባ ትራፊክ ፖሊሱን እንዴት አድርጎ እንዳግባባው እግዜር ይወቅ። ለደጋጋ ዳማ ፈረስ፣ ለባይሳ ነጭ ፈረስ ተሰጠ። ሁለቱም ነጭ እጀ ጠባብና ነጭ ተፈሪ ሱሪ ለብሰዋል፤ ደጋጋ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፣ ባይሳ ያቺን ባርኔጣውን ደፍቷል። ደጋጋ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ወጥቶ፣ ትንፋሹን ለቀቅ አድርጎ፣ እርካቡን ረገጠና ወጣ። ብቻውን! ከሰንዳፋ የመጡት ጎረምሶች አጨበጨቡ። ዲሪባ ዓይኑን ማመን አቃተው። ባይሳ በአይሱዙው ጀርባ ተከልሎ ነጩ ፈረስ ላይ ወጣ።

የሙሽሮቹ መኪኖች ክላክስ እያሰሙ ሲደርሱ ጉዞው ተጀመረ። ደጋጋ ከፊት ነው። ከጎኑ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ ባይሳ። ከኋላ ጎረምሶቹ፣ ከዚያ ሙሽሮቹ። የታክሲ ረዳቶች በመስኮት ወጥተው «አባባ፣ ካዛንቺስ ነው? አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ያሾፋሉ። አስፋልቱ ያንሸራትታል፣ የፈረሱ ኮቴ በረገጠ ቁጥር ደጋጋ የኮርቻውን ጫፍ ያንቃል። ግማሽ መንገድ ላይ ጎረምሶቹ ሞቅ አላቸውና ፈረሶቹ ሶምሶማ ገቡ። ዳማውም ተከተለ። ጉልበቱ ነደደ፣ ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፣ ትንፋሽ አጠረው። «ግንድ ይወድቃል፣ ግንድ ይወድቃል» እያለ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ዳሌውን አላላ፣ በጭኑ ያዘ። አልወደቀም። ባይሳን በዓይኑ ጥግ ቢያየው ፊት ለፊት እያየ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ ብሏል። «ይሄ ሰው ከምንድን ነው የተሠራው?» አለ ደጋጋ፤ በደስታው ቀን እንኳ ቀና።

ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ እልልታው ቀለጠ። ሊዲያ ከመኪና ወረደች፣ ሸዋዬ አቅፋ ሳመቻት። የሊዲያ አጎቶች ወደ ደጋጋ መጥተው እየተጎነበሱ እጅ ነሱ። «ጋሽ ደጋጋ፣ ጉድ እኮ ነው ያደረጉን! ምን ያለ አባት ነው!» የሰንዳፋ ሽማግሎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ደጋጋ ልቡ ቅቤ ጠጣች። ሕዝቡ ሙሽሮቹን ተከትሎ ወደ ድንኳኑ ገባ፣ ጎረምሶቹም ፈረሶቻቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ዞሩ። በር ላይ የቀሩት ሁለቱ ሽማግሎች ናቸው። አባት ሳይመርቅ ማዕድ አይቀመስምና ደጋጋ መውረድ አለበት።

ልውረድ ቢል እግር የለም። ከወገቡ በታች ያለው አካል የማን እንደሆነ አያውቀውም። ያን ጊዜ ነው ጅልነቱ የተገለጠለት። ያን ሁሉ ጊዜ መውጣት ተለማመደ፣ መጋለብ ተለማመደ፤ ሲወርድ ግን ሁልጊዜ የሐጎስ ትከሻ ነበረች። መውረድ የሚባል ነገር እንዳለ ጭራሽ አላሰበም።

«ያዙኝ» ብሎ እንዳይጣራ ያ ሁሉ ክብር በአንድ ቃል ይፈርሳል። ያውም በባይሳ ፊት። ባይሳ ይውረድና ይግባ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ምንም እንሸራተታለሁ ብሎ አሰበ።

«ውረድ እንጂ ባይሳ፣ ደክሞሃል» አለው።

«አንተ ቅደም። አባት እያለ እኔ ልቅደም?»

«ኧረ በሞቴ! አጃቢ ነው የሚቀድመው።»

«አፈር ስሆን፣ አንተ ቅደም።»

«አልቀድምም። ታላቄ ነህ።»

«የምን ታላቅ? በአንድ ክረምት አይደል እንዴ የተወለድነው? ስሞት፣ ቅደም!»

የኛ አገር ጨዋነት ስንቱን ጉድ ሸፍኗል መሰላችሁ። በየበሩ «ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል ወጥ ይቀዘቅዛል። ዘግይተው የመጡ እንግዶች ሁለቱን ሽማግሎች ፈረስ ላይ ሆነው ሲገባበዙ አይተው «እንዲህ ያለ መከባበር አሁን የት ይገኛል?» እያሉ እያደነቁ አለፉ። ደጋጋ ግን ጥርጣሬ ገባው። ይሄ ሰው ለምን አይወርድም? ዞር ብሎ በደንብ አየው። ባይሳ ባርኔጣውን አውልቋል። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ባርኔጣውን በቤተክርስቲያን ካልሆነ የማያወልቀው ሰው፣ ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል። ከባርኔጣው በታች ነጩ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ድረስ ረጥቧል።

ባይሳ መታየቱን አወቀ። «ሶምሶማው ላይ አመለጠኝ» አለ ዓይኑን ከፈረሱ ጋማ ሳያነሳ። «ዓመት ሆነኝ እንዲህ ካደረገኝ። ሽንቴን መያዝ አልችልም። ደጋጋ፣ እባክህ ግባልኝ። ሰውን ይዘህልኝ ግባ።»

ደጋጋ ምን ተሰማው? እግዜር ይቅር ይበለው፣ ደስ አለው። መጀመሪያ ላይ ደስ አለው። ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ሰዓት መጣች። ዝም ማለት ብቻ ይበቃል፤ ሌላውን ሕዝቡ ራሱ ያየዋል። ሸዋዬም ታያለች።

ሸዋዬ ደግሞ ወዲያው ከድንኳኑ ብቅ አለች። ከኋላዋ ዲሪባ፣ የሊዲያ አጎቶች፣ የሰፈሩ ሴቶች፤ ከሁሉም ፊት ካሜራውን ትከሻው ላይ የተሸከመው ቪዲዮ ቀራጭ። «ምን ትሠራላችሁ? ምርቃት እየተጠበቀ አይደለም እንዴ!» አለች ሸዋዬ። ቪዲዮ ቀራጩ መብራቱን ለኮሰ። «ቆይ፣ ቆይ! ሁለታችሁም ስትወርዱ እንቀርጻለን! መጀመሪያ በነጩ ፈረስ ያሉት አባት፤ እርስዎ ባርኔጣዎን ያድርጉ እንጂ! አምሮብዎ ነበር!»

ባይሳ ባርኔጣውን ጨምቆ ያዘ። ደጋጋ አየው። ይህን ሰው እንዲህ አይቶት አያውቅም። መብራቱ ወደ ነጩ ፈረስ ሊዞር ሲል ደጋጋ ጋቢውን ከትከሻው ገፈፈና ባይሳ ጭን ላይ ወረወረው። «ያዝልኝማ ይቺን፣ እኔ ልቅደም!» አለ። እግሮቹን ከእርካቡ አወጣ፣ ልጓሙን ለቀቀ፣ «ኧረ ያዙኝ!» ብሎ ጮኸና ወደ ድንኳኑ በኩል ራሱን ለቀቀው።

የተልባ ከረጢት ሲወድቅ ሰምታችኋል? እንደዚያ ነው የወደቀው። ሴቶቹ «እሪ!» አሉ። ሰዉ ሁሉ፣ ካሜራውም መብራቱም፣ ተንጋግቶ ወደ እሱ ሄደ። ደጋጋ እጁ ከሥሩ ተቆልምሞ፣ አፉ አቧራ ሞልቶ፣ በሰው እግር መሃል፣ በፈረሱ ሆድ ሥር ወዲያ ማዶ አየ። ባይሳ በደረቱ ኮርቻው ላይ ተደፍቶ እየተንሸራተተ ነው። እግሩ መሬት ፈልጎ ያጣል፣ እንደ ዕውር ይዳብሳል። በመጨረሻ ሲደርስ የፈረሱን አንገት አቅፎ ቆመ፤ ጋቢውን በወገቡ ጠመጠመና በአጥሩ በኩል ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ሄደ። ደጋጋ ባይሳን እንዲህ ሆኖ ሊያየው ዕድሜ ልኩን ተመኝቷል። አሁን ሲያየው ሆዱ ባባ።

«ከቆመ ፈረስ!» ይላል ዲሪባ ራሱን ይዞ። «ጋልቦ ጋልቦ ከቆመ ፈረስ!» ከሊዲያ አጎቶች አንዱ ወደ ሌላው ጠጋ ብሎ «ሲያረጁ አይበጁ» ሲል ደጋጋ በጆሮው ሰማ። ማዕዱን የመረቀው ያበጠ እጁን በነጠላ አንጠልጥሎ ነው፤ «አሜን» የሚሉት ሰዎች ግማሾቹ ሳቃቸውን እየዋጡ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ባይሳ ሌላ ሱሪ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ቀጥ ብሎ ገባ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁለት።

ቪዲዮው ከወጣ ወዲህ ያ ቤት ሌላ ነገር አይታይበትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፊሮምሳ ሲዲውን ይከታል። የቀለበቱን፣ የኬኩን ያሳልፍና እዚያች ቦታ ላይ ያቆማል። በአንድ እሁድ ዲሪባም፣ የሊዲያ ወላጆችም፣ ጎረቤቱም ተሰብስቦ ሲያይ፣ ደጋጋ ቴሌቪዥኑ ውስጥ «ኧረ ያዙኝ!» ብሎ ተንከባለለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፊሮምሳ ወደ ኋላ መለሰና ደግሞ ጣለው።

ሸዋዬ እንባዋን እየጠረገች «ባይሳን አያችሁት ግን?» አለች። «እኛ ከዚህ ጋር ስንተራመስ እሱ መቼ እንደወረደ ማን አየ? ድምፅ እንኳ አላሰማም። መጋለብስ እንደ ባይሳ!»

ደጋጋ የሻዩን ብርጭቆ አፉ ላይ አድርጎ ቀረ። ምራቁ መረረው። ልናገር? ቢናገር በአንድ ቃል ያልቃል። ባይሳ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ ባይሳ የያዘውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሙኝማ» አለ ባይሳ። «ያን ዕለት እኮ፣ ደጋጋ የወደቀው…»

ደጋጋ የባይሳን ፊት አየና ሊናገር መሆኑን ተረዳ። ሁሉንም፣ ሱሪውን ሳይቀር ሊናገር ነው። ቀጥሎ የሚመጣውም ወለል ብሎ ታየው። ሸዋዬ ዓይኗ እንባ ያቀራል፤ «አይ ባይሳ! በሰው ፊት ራሱን አዋርዶ እውነቱን ተናገረ፤ እንዲህ ያለ ወንድ የት ይገኛል?» ትላለች። ሴቶቹ ተነስተው ይስሙታል። ዲሪባ ሰንዳፋ ድረስ ወስዶ ያወራዋል። መውደቁ ሳይቀር የባይሳ ታሪክ ሊሆን ነው!

«ዝም በል!» ብሎ ጮኸበት ደጋጋ፣ ያልዳነ እጁን እያወዛወዘ። «ሚስቴ አመሰገነችህ፣ ሰፈሩ አመሰገነህ፣ ይበቃሃል! የወደቅኩት እኔ ነኝ። መውደቄን ደግሞ ልትወስድብኝ ነው?» ወደ ልጁ ዞረ። «አንተ፣ ከመጀመሪያው አጫውተው! ድምፁንም ከፍ አድርገው!»

ፊሮምሳ ከፍ አደረገው። ደጋጋ እንደገና ወደቀ፣ ሰዉም እንደገና ሳቀ። ባይሳ ብቻ አልሳቀም።